ከቦሌ እስከ አዘዞ፤ ርቀቱና ሰዓቱ

(በሬዲዮ ከተነገሩት)



አንድ ሰው «ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የአይሮፕላን ቲኬት የሚሸጠው ሰው «አንድ ሰዓት ያህል ነው» ይለዋል። የአውቶቡስ ነጂው «ከንጋት እስከ ምሽት ነው፤ መንገድ ላይ ማደርም አይቀርም» ይለዋል። በሰሜን ተራሮች ላይ የሚኖር አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔ ከቤቴ እስከ መኪናው መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን እሄዳለሁ» ይለው ይሆናል። ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ እነዚህ ሦስት መልሶች እንዴት ሊስማሙ እንደሚችሉ ለማስረዳትና፣ መንገድ ለሚሄድም ሆነ ሌላውን መንገድ እንዲሄድ ለሚያዝ ሰው የሚረዳ ስሌት ለማቅረብ ነው።

ነገር በምሳሌ ይቀላልና አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የደባርቅ ተወላጅ አለ እንበል። ማታ በ3 ሰዓት አጎቱ ስልክ ደውሎ «እናትህን ጠንቶባቸዋልና ነገውኑ ድረስ» ይለዋል። የዚህ አነጋገር ትርጓሜ ምን እንደሆነ የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው አያጣውም። ቀብርም እንደ ልማዳችን በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 9 ሰዓት ይፈጸማል። እንግዲህ ይህ ሰው የእናቱን አፈር ለማልበስ ይደርሳልን? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ወደ ስሌቱ እንግባ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንለካ። ለዚህ ሥራ ካርታና እርሳስ ይበቃል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ ይገኛል። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በአዘዞ በኩል ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በ12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት 3 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ፣ በሌላ አነጋገር 212 ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ «ደቂቃ» ስንል የሰዓቱን ደቂቃ ሳይሆን የዲግሪን 60ኛ እጅ ማለታችን ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሚዘረጋው መስመር ላይ አንዱ የዲግሪ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ያህላል፤ ይኸውም 1,852 ሜትር ነው። መርከበኞችም አይሮፕላን ነጂዎችም ርቀታቸውን እስከ ዛሬ በባሕር ማይል የሚቆጥሩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ 212 የባሕር ማይል ወደ 393 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ጎንደር ከአዲስ አበባ በቀጥታ በስተሰሜን አይደለችም፤ ጥቂት ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። ቦሌ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ፣ አዘዞ በ37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ላይ ናቸውና ልዩነቱ 82 ደቂቃ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስንቆጥር ግን ደቂቃው ከምድር ወገብ በራቅን መጠን እያጠረ ይሄዳል፤ በእኛ አገር ከፍል 1,820 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ይህኛው ወገን 149 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አሁን በትምህርት ቤት የተማርነውን የሦስት ማዕዘን ሕግ እናስታውስ። ሁለቱን አጫጭር ወገኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን፣ ደምረን፣ ሥሩን ብናወጣ ረጅሙ ወገን 420 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ከቦሌ እስከ አዘዞ ወፍ የምትበርበት ርቀት ይህ ነው።

በመኪና የሚሄድ ሰው ግን በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ወደ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ልዩነት ከየት መጣ ቢባል፣ መንገድ የምድሩን ጠባይ ስለሚከተል ነው። ከሁሉም በላይ የዓባይን በረሃ ማሰብ ይበቃል። ጎሐ ጽዮንና ደጀን አንዱ ከሌላው ማዶ ናቸው፤ በቀጥታ ቢለካ በመካከላቸው ያለው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው ግን ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ዳገት እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠማዘዛል። አይሮፕላኑ ይህን ሸለቆ የሚሻገረው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ መንገደኛውም ጋዜጣውን ሲያገላብጥ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ ወደ ሰዓቱ እንሂድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አይሮፕላን፣ ቦምባርዲየር ኪው 400 የሚባለው፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። 420ን ለ660 ብናካፍል የምናገኘው 38 ደቂቃ ነው። ታዲያ ቲኬቱ አንድ ሰዓትና ከዚያም ጥቂት በላይ የሚያሳየን ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱ በቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ የመብረሩ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ በመድረሻው ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ነው። በቦሌ ከመቆሚያው እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ መሄድ አለ፤ ከፊቱ ያሉት እስኪነሡ ተራ መጠበቅ አለ። ከተነሣም በኋላ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ መድረሻውም ሲቃረብ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ከዚያም በማረፊያው ሜዳ አቅጣጫ ለመስተካከል ይዞራል። በአጭር በረራ ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ልብ የሚባል ነገር ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአገር ውስጥ ይበር የነበረው ዲሲ 3 በሚባለው አይሮፕላን ነበር። ያ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበርና 420ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። የዛሬው ፍጥነት ከያኔው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ከቤት እስከ ቤት የሚፈጀው ጊዜ ግን በግማሽ አልቀነሰም። ፍጥነት የሚያሳጥረው በአየር ላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነውና። በምድር ላይ የሚጠፋው ጊዜ በሞተር ኃይል አይቀነስም፤ በሥርዓትና በመንገድ ሥራ ካልሆነ በቀር።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የጎንደሩም ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየር፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ስስ ሲሆን፣ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል። ሙቀትም አየሩን ይበልጥ ስለሚያሳሳው የማለዳው ቀዝቃዛ አየር ከቀትሩ ይልቅ ለመነሣት ይመቻል። ይህ ነገር በረጅም በረራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው አይሮፕላን ለባሕር ወለል ከቀረበ ሜዳ ስለሚነሣ ሙሉ ነዳጁን ጭኖ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ከቦሌ የሚነሣው ግን በከፍታው ምክንያት ያን ያህል ነዳጅ ከመንገደኛና ከዕቃ ጋር ይዞ መነሣት ስለሚያስቸግረው፣ ለዓመታት በደብሊን እያረፈ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። መንገዱ አንድ፣ ርቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት የተለያየው ስለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የሰዓት አቆጣጠር እንመልከት። እኛ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት እንቆጥራለን። ቲኬት የሚጻፈው ግን በዓለም አቀፉ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በቲኬቱ ላይ 07፡00 ተብሎ ቢጻፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት አይደለም። ከ07፡00 እስከ 18፡00 ለተጻፈው 6 መቀነስ ነው፤ 13፡30 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ19፡00 እስከ 24፡00 ለተጻፈው 18 መቀነስ፣ ከ01፡00 እስከ 06፡00 ለተጻፈው ደግሞ 6 መደመር ነው፤ 05፡00 ሌሊት 11 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከእኛው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን 6 ሰዓት ሙሉ የሚያሳስት ስሕተት ነው። 38 ደቂቃ የሚበር አይሮፕላን 6 ሰዓት ለዘገየ ሰው አይደርስለትም።

እንግዲህ ወደ ሐዘንተኛው ሰው እንመለስ። የማለዳው በረራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሣል፤ ቦታም አግኝቷል እንበል። ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መገኘት አለበትና ከቤቱ የሚወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፍተሻውን አልፎ፣ ተሳፍሮ፣ 1 ሰዓት ላይ ይነሣል። ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ በግራው መስኮት በኩል መጀመሪያ የጮቄን ተራራ፣ ኋላም የጣናን ሐይቅ ያያል፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና አገር ይመለከታል። ከ2 ሰዓት ከሩብ በፊት አዘዞ ይደርሳል። ዕቃውን ተቀብሎ መኪና እስኪይዝ ድረስ 2 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ከዚያ ወደ ጎንደር ከተማ ይገባል፤ ከከተማውም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። መንገዱ ወደ ደጋው የሚወጣ ነውና ከአዘዞ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ያህል ቢፈጅበት፣ ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደባርቅ ይገባል። ለቀብሩ ደርሷል፤ ከወንድሞቹም ጋር አልቅሶ እናቱን ለመሸኘት ጊዜ አግኝቷል።

ጉዞውን ብንደምረው ከቤቱ ደጃፍ እስከ ልቅሶው ድንኳን ከ7 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ከዚያ ውስጥ በአየር ላይ ያለፈው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይኸው ሰው ንጋት ላይ 12 ሰዓት በመኪና ቢነሣ ኖሮ፣ እስከ ደባርቅ 830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ምንም ሳያርፍ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ ቀብሩ አልፎ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ቤተ ዘመዶች ብቻ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ አይሮፕላን ለዚህ ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በልቅሶው ቀን የመገኘትና ያለመገኘት ነገር ነው።

ታሪክን መለስ ብለን ብናይ ይህ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሆነ እንረዳለን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 1769 ምፅዋ ወርዶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነበር፤ አምስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር የነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች፤ ወደ እርሷ የሚመጣው ነጋዴም መልእክተኛም ወንዝ እስኪጎድልና የየአገሩ ገዥ እስኪፈቅድለት ይጠብቅ ነበር። የመንገዱ ርዝመት የሚለካው በምድሩ ስፋት ብቻ ሳይሆን በክረምቱና በአገሩ ሰላም ጭምር ነበር።

ይህም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተለወጠም። ክረምት ሲሆን ዳመናው ዝቅ ብሎ ተራራውን ይሸፍናል፤ በረራም ሊዘገይ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ቀናት 420 ኪሎ ሜትሩ አልጨመረም፤ ሰዓቱ ግን ሊቆጠር የማይችል ሆኖ ነበር። መንገዱ ላይም ቢሆን ጸጥታ በታጣ ጊዜ መኪና ይቆማል፤ በሽተኛም ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ በማናቸውም የጉዞ ስሌት ውስጥ ሳይጻፍ የሚቆጠር ቁጥር አለ፤ እርሱም ሰላም ነው።

አድማጮቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ። የምሳሌያችን ሰው እናት የሚኖሩት በደባርቅ ሳይሆን በጃናሞራ ወይም በበየዳ ቢሆን ኖሮስ? ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቧሂት ማለፊያ በኩል ይሻገራል። በዚያ መንገድ ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ነው። በየዳም ከአገራችን ተራሮች ሁሉ ከፍተኛ በሆነው በራስ ደጀን አካባቢ ያለ አገር ነው። ከመኪናው መንገድ ወዲያ ያለው ደግሞ በእግርና በበቅሎ ነው። ሰውየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ አዘዞ ቢወርድም፣ በ9 ሰዓት በእናቱ መቃብር አጠገብ መቆሙ እጅግ ያጠራጥራል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለውን 420 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ገደማ ያደረገው አይሮፕላን፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አላቀረበለትም።

ወደ ታችም ሲወረድ ነገሩ ያው ነው። ከእነዚያ ተራሮች አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ወይም አንድ የታመመ ሕፃን የሚወሰደው ወደ ጎንደር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ ለዚያ አገር ሐኪም ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ሆስፒታሉም የአካባቢው ሕዝብ ተስፋ ነው። በሽተኛው ከዚያ በላይ ሕክምና ቢያስፈልገው ከአዘዞ አዲስ አበባ የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ጭንቁ ያለው ከመንደሩ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ነው። ሰንሰለት በቀጭኑ ቀለበቱ ላይ እንደሚበጠስ፣ መንገድም የሚለካው በሚዘገይበት ቦታው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያልነው በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው። በአዲስ አበባ ተቀምጠን «ነገ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት በስብሰባው ላይ እንድትገኙ» የሚል ደብዳቤ ወደ ሰሜን ጎንደር ስንጽፍ፣ በሐሳባችን ያለው በቲኬቱ ላይ ያለው አንድ ሰዓት ነው። ደብዳቤውን ለሚቀበለው የወረዳ ሠራተኛ ግን ጉዞው የሚጀምረው ከቤቱ ደጃፍ ነው፤ ምናልባትም ከዛሬ ጠዋት መነሣት ነበረበት። የውሎ አበሉን ቀን የሚቈርጠው ሹም፣ የስብሰባውን ሰዓት የሚወስነው ጸሐፊ፣ መድኃኒት የሚልከው ክፍል፣ ሁሉም ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ቢቆጥሩ ብዙ ቅሬታ ይቀራል፤ ሥራም በጊዜው ይፈጸማል።

የአንድን መንገድ ርቀት ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በቀጥታ ቢለካ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በየትኛው ክፍሉ ላይ በምን ይኬዳል? በሚዘገየውስ ክፍል ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የመጀመሪያውን ካርታ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ቲኬትና መናኸሪያ ይመልሳሉ። ሦስተኛውን ግን የሚያውቀው በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ከመጻፋችን በፊት እርሱን ብንጠይቅ መልካም ነው።